ጥርስ የሌለበት ጭስ

ጥርሱን ድንገት የነዘረው ሰው፣ በዋግ ኽምራ ደጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር፣ ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። «ትል ገብቶበታል» ይላል። መድኃኒቱም አብሮ ይነገረዋል። የእምቧይ ወይም የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ይደረጋል፤ ታማሚው ነጠላ ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ ጭሱን ይታጠናል፤ ምራቁ ከሥር በተቀመጠው ውሃ ላይ ይንጠባጠባል። ጭሱ ሲያበቃ ሳህኑ ይታያል። ውሃው ላይ ነጫጭ፣ ቀጫጭን፣ ጥምዝምዝ ያሉ ነገሮች ተንሳፍፈዋል። ታማሚው በዓይኑ አይቷል፣ ጎረቤቱም አይቷል። ሕመሙም ለጊዜው ቀለል ብሎታል። ከዚህ በኋላ «የጥርስ ትል የሚባል ነገር የለም» ብሎ የሚከራከረው የጤና ባለሙያ ነው ተዓማኒነት የሚያጣው።

ይህን ሰው አላዋቂ ማለት ተገቢ አይደለም። በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው፤ ያየውንም ከእሱ በፊት ብዙ ሕዝብ አይቶታል። ከጥንቷ ባቢሎን በተረፈ የሸክላ ጽሑፍ ላይ አንድ ትል በአምላኮቹ ፊት ቀርቦ ያለቅሳል። በለስ ሲሰጡት እምቢ ይልና በጥርስና በድድ መካከል እንዲኖር ይለምናል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ ደግሞ ለጥርስ ሕመም ያዘዘው የአንድ መርዛማ ተክል ዘር በፍም ላይ ጤሶ ጭሱ በአፍ እንዲወሰድ ነው። ተክሉ የእኛው አስተናግርና እምቧይ የሚመደቡበት ቤተሰብ አባል ነው። በሩቅ አገር፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ዘመን የተጻፈ ትእዛዝ ከእኛ ነጠላና ሳህን ጋር ይህን ያህል መመሳሰሉ ሁሌም ያስደንቀኛል።

ነገሩን የፈታው የጥርስ ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1757 በጀርመን የሬገንስበርግ ከተማ ይኖር የነበረ ያዕቆብ ክርስቲያን ሼፈር የሚባል ቄስ ስለዚሁ ትል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሼፈር ከስብከቱ ጎን ለጎን ነፍሳትንና እንጉዳዮችን በጥንቃቄ እየመረመረ የሚስል ሰው ስለነበር፣ ትል ተብሎ ሲቀርብለት ትል መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ያገኘው መልስ አጭር ነው። ትሉ የሚመጣው ከጥርሱ ሳይሆን ከዘሩ ነው። በእነዚህ ተክሎች ዘር ውስጥ ያለው ጽንስ እንደ ትል የተጠማዘዘ ነው፤ ዘሩ በእሳት ሲሞቅ ቅርፊቱ ይፈነዳና ጽንሱ ይወጣል፣ ውሃ ላይም ይወድቃል። ዘሩን ማንም ሰው አፉን ሳይከፍትበት ሳህን አጠገብ ቢያቃጥሉት ያው «ትል» ውሃው ላይ ይገኛል። ከሼፈር 200 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የፈረንሳዩ ሐኪም ዣክ ኡሊዬ ተመሳሳይ ጥርጣሬ አንሥቶ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። የዘመናዊ የጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፒየር ፎሻርም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ የተበላሹ ጥርሶችን በማጉያ መሣሪያ ተመልክቶ ትል እንዳላገኘ ጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ጭሱ ከጥርስ ጋር ተሞከረ፤ ጭሱን ያለ ጥርስ ለመሞከር ያሰበ ግን እምብዛም አልነበረም። ወጪው አንድ እፍኝ ዘርና አንድ ሳህን ውሃ ነበር።

የእኛው አገር ሌላም «ትል» አለው፤ ይኼኛው የከፋ ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ድዱም ያበጠ ሲመስል «ግግ ነው» ይባልና ድዱ በስለት ወይም በጥፍር ተፍቆ ገና ያልጠነከረው የጥርስ እንቡጥ ይወጣል። የሚወጣው ነጭና ለስላሳ ነገር ለእናቲቱ ይታያል፤ ትል ይመስላል። ሕፃኑ ከተቅማጡ ሲያገግም ምስጋናው ለስለቱ ይሆናል። ተቅማጡ ግን በብዙ ሕፃናት ላይ ድድ ባይነካም የሚያልፍ ነው። ባያልፍ ኖሮ ደግሞ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንጂ ስለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ብሔራዊ ኮሚቴ ግግ ማስወጣትን እንጥል ከማስቆረጥ ጋር አብሮ ከተነሣባቸው ድርጊቶች ቆጥሮታል። ጉዳቱ በስደት ላይም ታይቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችን አፍ የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የክራንቻ የወተት ጥርሳቸው እንቡጥ የወጣባቸውን ልጆችና በቋሚ ጥርሶቻቸው ላይ የደረሰውን እንከን መዝግበዋል። ከሥሩ ያለው ቋሚ እንቡጥ በስለቱ ሲነካ፣ ከዓመታት በኋላ የሚበቅለው ጥርስ ሽፋኑ የተቦረቦረ ወይም የሳሳ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጥርስ ቀዝቃዛ ውሃ አይችልም። በሕፃንነት «ትል ወጣልህ» የተባለ ልጅ ካደገ በኋላ ጥርሱን ሲነዝረው እንደገና «ትል ገባብህ» ይባላል ማለት ነው።

ታዲያ ትል ካልሆነ ጥርስን ድንገት የሚነዝረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1678 ነው። የሆላንዱ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ጥርስን ሲመለከት ደረቅ አጥንት የሚመስለው አካል እጅግ በቀጠኑ ቱቦዎች የተሞላ ሆኖ አገኘው። ዛሬ የምናውቀው ይህ ነው፦ ከላይ የሚያብለጨልጨው ነጭ ሽፋን ኢናሜል ይባላል፤ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፣ ስሜት ግን የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ነው ቱቦዎቹን የያዘው፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ቱቦዎቹ በፈሳሽ የተሞሉ ሲሆኑ የሚያመሩትም የጥርሱ ነርቭና ደም ሥር ወዳለበት መሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የስዊድኑ ተመራማሪ ማርቲን ብረንስትረም እንዳሳየው፣ ቅዝቃዜ፣ ነፋስ ወይም ጣፋጭ ነገር የተጋለጠ ዴንቲን ሲነካ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በፍጥነት ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩም ያን እንቅስቃሴ እንደ ሕመም ይሰማዋል። ስለዚህ ነው ሕመሙ እንደ ብልጭታ መጥቶ የሚሄደው። ቅዝቃዜው ሲያልፍ ፈሳሹም ይረጋል።

እንግዲህ ጥያቄው «ምን ገባበት?» መሆኑ ቀርቶ «ምኑ ተገለጠ?» ይሆናል። በዋግ ኽምራዋ ፃግብጂ ማለዳ ላይ በጀሪካን ያደረ ውሃ ሲጎነጩ የሚነዝር ጥርስ ሽፋኑ የሆነ ቦታ ተከፍቷል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከድዱ ጥግ ነው። ድድ በቆሻሻ ክምችት ሲታመም ወይም ሲገፋ ይሸሻል፤ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ሥሩን ደግሞ ኢናሜል አይሸፍነውም። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለአፍ ንጽሕና መጠቀምን ደግፏል። ግን ጫፉ ሳይታኘክና ሳይለሰልስ ወደ ጎን በኃይል ሲጎተት፣ በተለይም ከከሰል ወይም ከአመድ ጋር ሲሆን፣ የጥርሱን አንገት ይቦረቡረዋል። በመስታወት ቢታይ ከድዱ በላይ ትንሽ እንደ መጥረቢያ ምልክት ያለ ጎድጓዳ ይገኛል፤ ጥፍር ሲያርፍበት ይነዝራል። ጠንካራ ብሩሽም ያው ነው። ለዚህ ነው ጥርሱን ከሁሉ በላይ የሚፍቅ ንጹሕ ሰው አንዳንዴ ከሁሉ በላይ የሚነዝረው።

ሁለተኛው በር አሲድ ነው። ሎሚ ሲመጠጥ ጥርስ እንደሚጠርስ ሁሉም ያውቃል። የአሲድነት መለኪያው ወደ 5.5 ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ለስላሳ መጠጥ፣ ሎሚ፣ እንዲሁም ቃር ያለበት ሰው ሌሊት ወደ አፉ የሚመለሰው የጨጓራ አሲድ ሁሉም ከዚህ በታች ይወርዳሉ። በእርግዝና ጊዜ ደጋግሞ ማስታወክም እንደዚሁ። ማርና ስኳር ግን በሌላ መንገድ ነው የሚጎዱት። የዋግ ማር የታወቀ ነው፤ ጠጅም ያለ ማር አይሆንም፤ ነገር ግን ጣፋጭ ነገር ከጥርስ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ በጥርስ ላይ ያሉ ጀርሞች ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሜሪካዊው ዊሎቢ ዲ. ሚለር እ.ኤ.አ. በ1890 ያስረዳው ይህንን ነው። የ«ትሉ» ቦታ በመጨረሻ ለትክክለኛው ወንጀለኛ የተሰጠው ያን ጊዜ ነው። ሕያው ነገሮች በጥርስ ላይ መኖራቸው እውነት ሆነ፤ ግን በጭስ የሚወጡ አይደሉም።

ሦስተኛው ድንገተኛ የሚባለው ነው። ትናንት ደህና የነበረ ጥርስ ዛሬ ከነዘረ ስንጥቅን መጠርጠር ይገባል። ቆሎ ሲበሉ መሐል የገባች ጠጠር፣ ያልፈነዳች ሽምብራ፣ አጥንት መቆርጠም፣ ጠርሙስ በጥርስ መክፈት፣ ሌሊት ጥርስን ማፋጨት ጥርስን ይሰነጥቃሉ። የተሰነጠቀ ጥርስ ምልክቱ ልዩ ነው፤ ሲነክሱበት፣ በተለይም ንክሻውን ሲለቁ፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ስል ሕመም ይሰማል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። የወደቀ ወይም የተላቀቀ ሙሌትም ድንገት ያስቸግራል። ከጥርስ እጥበት በኋላ ለጥቂት ቀናት መንዘር ደግሞ የተለመደ ነው፤ ሥሩን ሸፍኖት የነበረው ቆሻሻ ስለተነሣ ነው። ኃይለኛ ጉንፋን ይዞት የላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች በአንድነት የከበዱት ሰው ከጥርሱ በፊት ሳይነሱን (በአፍንጫው ጎን ያለውን የአየር ክፍተት) ቢጠረጥር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው? ያለ ጥርስ የተቃጠለው ዘር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ምክንያቱን ከመሰየም በፊት መሞከር ይቻላል፤ ለዚህም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይነዝርና ውሃው ሲያልፍ ወዲያው ይተወዋል? ይህ የተጋለጠ ዴንቲን ነው፤ ጊዜ አለ። ውሃው ካለፈ በኋላ ሕመሙ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል? ትኩስ ቡናም ይቀሰቅሰዋል? ማንም ሳይነካው ሌሊት ብቻውን ተነሥቶ ይጠዘጥዛል? እንግዲያው የጥርሱ ነርቭ ራሱ ታምሟል፤ የጥርስ ሳሙና አይደርስለትም። ብዙ ጥርሶችን ነው ወይስ አንዱን? ብዙዎቹ ከሆኑ ድድን፣ አፋፋቅንና አሲድን፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ቀዳዳን ወይም ስንጥቅን መፈለግ ነው። ይህን አስተውሎ የሄደ ሕመምተኛ ሐኪሙን በግማሽ ያግዘዋል።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ነው። ዴንቲኑ ብቻ ለተጋለጠ ሰው ፖታሲየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይረዳዋል። የመጀመሪያው ነርቩን ያረጋጋል፣ ሁለተኛው ቱቦዎቹን ይደፍናል። ለውጡ የሚታየው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ተፍቆ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው ገንዘብን መጣል ነው። እነዚህ ባይገኙ ፍሎራይድ ያለበት ማንኛውም ሳሙና ይሻላል። ሲፍቁ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፣ እጅም አይክበድ፤ ከጨረሱ በኋላ ሳሙናውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አይገባም። ሎሚ ከተበላ ወይም ካስመለሰ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ መፋቅ፣ በአሲድ የለሰለሰውን ሽፋን ጠርጎ መጣል ነው። በሕክምና ቦታ ደግሞ የፍሎራይድ ቅባት ይቀባል፣ የተቦረቦረው አንገት ይሞላል፣ የታመመ ድድ ይታጠባል። ቀዳዳ ያለው ጥርስ ነርቩ ሳይነካ ከተደረሰበት በሙሌት ይድናል። ነርቩ ከታመመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የሥር ሕክምና ወይ መንቀል ነው።

ስለ ባህላዊው መድኃኒት ደግሞ በደፈናው መፍረድ ልክ አይደለም። ቅርንፉድ በእርግጥ ያደነዝዛል፤ ከቅርንፉድ የሚገኘውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ለአንድ ሌሊት ሕመምን ለማሳደር አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ ጥርሱ ላይ ብትያዝ ክፋት የለውም። በለብ ያለ ጨው ውሃ መጉመጥመጥም እንደዚሁ። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ ግን ድዱን ያቃጥላል። የአስተናግር ጭስ ከሁሉም የከፋው ነው። የሚያደነዝዘው መርዝ በመሆኑ ነው፤ አፍን ያደርቃል፣ ልብን ያስሮጣል፣ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ያስቀባዥራል፤ ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛው አሞክሳሲሊንም የሚነዝርን ጥርስ አያድንም፤ ቱቦ አይደፍንም፣ ቀዳዳ አይሞላም። በከንቱ በተዋጠ ቁጥር ግን ጀርሞች ይለምዱታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሕመሙ በራሱ ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ጥርሱ ለሳምንታት ሲጠዘጥዝ ቆይቶ አንድ ቀን ዝም ይላል። ታጥኖ ከነበረ ጭሱ አዳነው ይባላል፤ ምስጋናውም ለሌላ ታማሚ ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ነው። የሞተ ነርቭ አይነዝርም፤ ቀዝቃዛ ውሃም አይሰማውም። ከወራት በኋላ ግን በሥሩ ጫፍ መግል ይቋጥራል፣ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ፊትም ያብጣል። በዚያ ጊዜ ማንም ያን እብጠት ከዓመት በፊት ከነበረው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር አያገናኘውም።

ፃግብጂ ላለ ሰው ጉዞው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአንድ ጥርስ ብሎ ሥራ ፈትቶ፣ መኪና ጠብቆ ወደ ሰቆጣ ከተማ መውረድ ቅንጦት ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ፤ የጥርስ አገልግሎት የት፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ እነሱ ይነግሯችኋል። ሰቆጣ ባለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ አስጠይቁ። ለገበያ ወይም ለሌላ ጉዳይ ሰቆጣ በምትሄዱበት ቀን ጥርሳችሁን አሳዩ፤ ያን ዕለት ባይነዝራችሁም። ሕፃናትን ግግ ከማስወጣት ጠብቁ፤ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዷቸው። አገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ የወረደ እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር ከታየ ግን ገበያ ቀንን አትጠብቁ። ታማሚውን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።